አማቴን ሆኜ ስተውን ወተቴ አጋለጠኝ

ጓዶች፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ቆማችሁ ካነበባችሁት ትወድቃላችሁ!

ዛሬ ሰው ፊት፣ ማይክ ይዤ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

እንደምታውቁት የሦስት ወር ልጅ አለችኝ፣ ቤቴል። አዲስ ከተማ የምንከታተልበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር ወይንሸት፣ "ለክትባት የሚመጡት እናቶች ምክር ሰልችቷቸዋል፤ ስለ ጡት ማጥባት ድራማ እንሥራላቸው" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ድራማ ክበብ ነበርኩ! (እሺ፣ ሁለቴ ዛፍ ሆኜ ነው የሠራሁት። ቢሆንስ?)

የደረሰኝ ካራክተር፦ አማት። ለአራስ ልጅ ቅቤ የምታልስ፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ "ቆሻሻ ነው፣ ድፊው!" የምትል አማት።

ከየት ልቅዳት? ከቤቴ ነዋ!

የባሌ እናት፣ እማማ፣ ከቱላ መጥተው ነው ያረሱኝ። ቤቴል የተወለደች ቀን ቅቤ በጣታቸው ይዘው ሲመጡ "በፍጹም!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ፍሪጅ ውስጥ የገባ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጄን አጥብቼ ለእሳቸው ሰጠሁና "ጤና ጣቢያ ስልጠና አለብኝ" ብዬ ወጣሁ። ሻሻቸውንና ነጠላቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ!

አትፍረዱብኝ። አርቲስት ነኝ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። ጎበጥኩ። ድምፄን አጎረነንኩ። "ቅቤ ሳይልስ ያደገ ልጅ አጥንት የለውም!" ስል እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷማ "ወይኔ፣ የእኔዋን አማት!" ብላ አጨበጨበች።

ሞቀኝ። ጨመርኩ። ሳል ሁሉ ጨመርኩ! እየተወላገድኩ መድረኩን ዞርኩ!

ያኔ ከበሩ በኩል የሕፃን ለቅሶ መጣ።

የማውቀው ለቅሶ።

ቤቴል አልባበል ብላቸው እማማ በባጃጅ ይዘዋት መጥተዋል! በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሻሻቸውን ያያሉ።

እናቶች፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ አይደል? ጆሮዬ ለቅሶውን ሲሰማ ጡቴ እኔን ፈቃድ አልጠየቀኝም። ወተቱ ወረደ! ቀሚሴ ፊት ለፊት በሁለት ትልልቅ ክብ ራሰ።

"እንዴ! አሮጊቷ ወተት አላቸው!" አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት።

አዳራሹ አበደ። እልልታ! ሲስተር ወይንሸት ማይኩን ነጥቃኝ "አያችሁ? ልጅ ሲያለቅስ የእናት ወተት እንዲህ ነው የሚመጣው!" ብላ ትምህርት አደረገችኝ፤ ለሕፃን ቅቤ ማላስ ለምን እንደሚጎዳም አስረዳች። እኔ እዚያው መድረኩ ላይ፣ ሻሽ እንዳሰርኩ፣ ልጄን ተቀብዬ ማጥባት ጀመርኩ።

ያፈርኩት ግን በወተቱ አይደለም። እማማ ከኋላ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ሳያቸው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አላስቻለኝም።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ለማዋረድ አልነበረም።"

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ "ያንን ቅቤ ለባልሽም አልሼዋለሁ። ክፉ አስቤ መስሎሽ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም፣ እማማ።"

"ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። አንቺም ጮህሽብኝ እንጂ አላስረዳሽኝም። ዛሬ ነርሷ ስትናገር ነው የገባኝ።"

እውነታቸውን ነው። ለማላውቃቸው እናቶች ማይክ ይዤ ሳስረዳ፣ ቤቴ ላሉት እናት አንድ ደቂቃ አልሰጠሁም። እንባዬ መጣ። እጃቸውን ያዝኩ፤ አልነጠቁኝም።

ከዚያ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ደግሞ ምንድን ነው እንደ ዳክዬ መሄድ? እኔ እንደዚያ ነው የምሄደው? ሁለተኛ አንቺ እንዳትሠሪው። ራሴ እሠራዋለሁ!" አሉ።

ለሲስተር ወይንሸት ደወልኩላት። በደስታ ጮኸች!

ይኸው አሁን ሳሎን ውስጥ እየተለማመድን ነው። እሳቸው አማት፣ እኔ ምራት። "አንቺ ጆሮ የሌለሽ! ትምህርትሽ ለእኔ ካልጠቀመ ለማን ነው?" እያሉ ጣታቸውን ዓይኔ ሥር ይቀስራሉ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ስክሪፕቱ ላይ የለም።

ትወና ነው ወይስ የምራቸውን? የምታውቁ ንገሩኝ!