ቀዩን ውሃ ሰማያዊ ያልኩበት ቀን

እኔን የምታውቁኝ ሁሉ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ይህን ቆሞ የሚያነብ ሰው በሳቅ ቢወድቅ ኃላፊነት አልወስድም!

ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት ኬሚስት «የሙያ ምዝገባ ምን ይሠራል? ዲግሪ አለኝ አይደል?» ብሎ ፖስት አድርጎ አየሁ። ልመክረው ኮሜንት መጻፍ ጀመርኩ።

ጣቴ ቆመ።

ኮላ ድባ ትዝ አለችኛ!

ይህን ታሪክ ለልጆቼ እንኳ በሙሉ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ይሻላል፤ እናንተ ቢያንስ ፊቴን አታዩትም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣልያን ከወጣ ቆይቷል፤ የጎንደር መሥሪያ ቤት ግን ገና በጣልያን ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ የመጣሁ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ የማደርግ፣ ቦርሳዬን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ፒያሳን የማቋርጥ ልጅ ነኝ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ በእውቀቴ ይመስለኝ ነበር። በጫማዬ ነው ለካ!

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ምዝገባ!

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አንድን ውሃ «ይጠጣል» ወይም «አይጠጣም» ብሎ ለመፈረም ዲግሪ አይበቃም። ስምሽ አዲስ አበባ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ለዚያ ደግሞ ከተመዘገበ ባለሙያ ሥር አንድ ዓመት ትሠሪያለሽ። በመጨረሻም ሰውየው «ታማኝ ናት» ብሎ ይመሰክርልሻል።

በጎንደርና በዙሪያዋ ስንት የተመዘገበ ኬሚስት የነበረ ይመስላችኋል?

አንድ!

አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ የምሠራበት የውሃ ላቦራቶሪ አለቃ። የአዲ አርቃይ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ከረባት፣ ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር።

ላቦራቶሪ ውስጥ ጥቁር መነጽር! ምን ፀሐይ አለና?

ጥርጣሬዬ ከዚያ ጀመረ።

ከውሃ ምርመራዎቹ አንዱ እንዲህ ነው። ውሃው ላይ ማቅለሚያ ይጨመርና ቀይ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እናደርጋለን። ቀዩ ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ጊዜ ማቆም ነው። ያቺን ቅጽበት ማየት ነው ሥራው።

አቶ ደምሴ ግን ብርጭቆውን ሲነኩ አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቆማሉ።

«ቀለሙ ምን ሆነ?»

«ሰማያዊ።»

«በይ ጻፊ።»

በቃ! ይኸው ነው ኬሚስትነታቸው!

ውጤቱን ደግሞ ቢሮ አይፈርሙም። ኮታቸው ኪስ ከተው ቤት ይወስዱታል፤ ጠዋት ተፈርሞ ይመጣል። ማን ነው የሚፈርመው? በልቤ ከኋላቸው አንድ ሙሉ የአጭበርባሪ ማኅበር አቋቁሜላቸዋለሁ።

ኮሪደሩን ግድግዳ እየዳበሱ ሲያልፉ እንኳ «ቀለም ቅቡን የሚቆጣጠሩ ለመምሰል ነው» እል ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ!

የምዝገባ ወረቀታቸው ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ማን ወረቀቱን ማንም በማያነበው ቦታ ይሰቅላል? አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። በሩ ተከፈተ።

«ማነው ወንበር ላይ የወጣው?»

«እኔ ነኝ አቶ ደምሴ… ሸረሪት አይቼ ነው።»

«ሸረሪቱ ማንበብ ይችላል?» ብለው በሩን ዘግተው ሄዱ።

ላቤ እስከ ተረከዜ ወረደ! ግን አየሁ፤ ወረቀቱ እውነተኛ ይመስላል። ታዲያ ያ አረጋጋኝ? በጭራሽ! «አስመስሎ የሠራው ጎበዝ ነው» አልኩ።

ሹፌራችንን አያ ሰይድን ጠየቅሁ። የጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ለማኪና ፍቅር ሲሉ የአባታቸውን ሱቅ ለወንድማቸው የተዉ።

«አያ ሰይድ፣ አቶ ደምሴ እውነት ተምረዋል?»

መሪውን እየወለወሉ ሳቁ። «ልጄ፣ እሳቸውም ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። እኔን ተይኝ፣ ማኪናዬን ልንዳበት።»

ስለ እኔ?! ምን ብለው? ይሄው፣ የሚደብቁት ነገር አለ ማለት ነው!

ከዚያ ቀኑ ደረሰ።

ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮላ ድባ አዲስ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሰዉ እስከዚያ የሚቀዳው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ብዙ ልጅ በሆድ በሽታ ማቅቋል፣ የተቀበረም አለ። ሌላው ምርመራ አልቆ የቀረው ያ የቀለሙ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ምዝገባውን የያዘው መሥሪያ ቤት የላከው ተቆጣጣሪም ባለሙያዎቹን እግረ መንገዱን ሊያይ መጥቶ «እዚሁ ሕዝቡ ፊት ይሠራ» አለ።

ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ቄሱ መጥተዋል። የወረዳው ሹም ወንበር ተደርጎላቸዋል።

እኔ ደግሞ ወጥመዴን ይዤ መጥቻለሁ!

ጠብ… ጠብ… ጠብ። ውሃው ገና ቀይ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ። አቶ ደምሴ ከጎኔ ቆመው «ቀለሙ ምን ሆነ?» አሉ።

«ሰማያዊ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ።

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «በይ… ጻፊ» አሉ።

ያዝኳቸው!!

ጣቴን ቀስሬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጌታዬ! እኚህ ሰው ኬሚስት አይደሉም! ቀይና ሰማያዊ አይለዩም!» ብዬ ጮህኩ።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። አዎ፣ ጭብጨባ!

አንድም እጅ አላጨበጨበም። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለቱም ብሌኖቻቸው ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። የዓይን ሞራ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ካቻምና ጀምሮ እየጨለመብኝ ነው። ጥላና ብርሃን እለያለሁ እንጂ ቀለም አላይም። ወረቀቱን ባለቤቴ ታነብልኛለች፤ ፊርማው የራሴ ነው። ብናገር ይሰርዙኛል ብዬ ፈራሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጫማዬን አየሁ። አልተከፈተችም።

ተቆጣጣሪው ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እሳቸው አላዩም፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አይፈርሙም። አንቺ ግን አይተሻል፤ አይተሽ ዋሸሽ። እስቲ ንገሪኝ ወይዘሪት ፀዳለ፣ ከሁለታችሁ የባሰው ማነው?»

ገና መዝገብ ሳልገባ መሰረዝ ጀመርኩላችሁ!

የሚፈርም ሰው ጠፋ፤ ተቆጣጣሪው መዝገብ እንጂ ውሃ አይፈርምም። ጉድጓዱ ተከደነ። ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ዞሩ። አንዷ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ቁጣ የለባትም፤ ግራ የገባት ሴት ናት።

«ምነው ልጄ፣ ውሃው ምን በደለሽ?»

ቦርሳዬን ክንዴ ላይ እንኳ ሳላንጠለጥል ወደ ማኪናው ሄድኩ።

ስንመለስ ማኪናው ውስጥ ከአቶ ደምሴ ጎን ተቀመጥኩ። አዘዞ ስንደርስ አቶ ደምሴ ራሳቸው ጀመሩ።

«ሰላይ ነሽ ብዬ ነበር። ከአዲስ አበባ ዓይኔን እንድታጣሪ የላኩሽ መስሎኝ። ወንበሩ ላይ የወጣሽ ጊዜማ አረጋገጥኩ።»

«እኔ ደግሞ… አጭበርባሪ ናቸው ብዬ…»

«አውቃለሁ። ሰይድ ማኪና እንጂ ምስጢር መያዝ አይችልም።»

«አቶ ደምሴ አሁን ይህ ምን ይባላል!» አሉ አያ ሰይድ ከፊት።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላዋል። «ስዋሽ አላወቁም ነበር?» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ። ድምፅሽ ተሰበረ። ዓመት ሊሞላ ነው ድምፅሽን ነው የማነበው፤ ሌላ ምን አለኝ?»

«ታዲያ ምነው ‹ጻፊ› አሉኝ?»

«‹ዋሸሽ› ለማለት ማየት ነበረብኛ ልጄ።»

አለቀስኩ። ምን ትሉኛላችሁ? ያን ሁሉ መንገድ የቋጠርኩትን ዘረገፍኩት፤ ኩሌ እስከ አገጬ ወረደ። ደግነቱ አያዩኝም አልኩና፣ ይህን በማሰቤ ደግሞ እንደገና አለቀስኩ!

ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ኬሚስት ምርመራውን ደገመው። ውሃው ሸጋ ውሃ ነበር፤ ጉድጓዱ ተከፈተ። ግን ሰዉ ኬሚስቱ እስኪመጣ ድረስ ከወንዙ የጠጣው በኔ ወጥመድ ነው። ይህን ቀልጄ አላልፈውም።

አቶ ደምሴ አዲስ አበባ ሄደው የዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉ። ብርጭቆ የሚያህል ወፍራም መነጽር አድርገው፣ ምዝገባቸው ተመልሶላቸው መጡ። የኔ ዓመት ግን ተሰርዞ እንደ አዲስ ጀመረ። ያውም በእሳቸው ሥር!

ወይ ያ ዓመት! አጠገቤ ተገትረው እያንዳንዷን ጠብታ ያያሉ። «ይኼ ሰማያዊ ነው? እኔ ገና ሐምራዊ ይታየኛል! ድገሚው!» የሁለት ዓመቱን ዕይታ በአንዴ ያወራርዱብኛል።

መጨረሻ ላይ ያው ተቆጣጣሪ መጣ። እኔን ከፊታቸው አስቁሞ «እንግዲህ ይመስክሩ፤ ታማኝ ናት?» አላቸው።

«አንድ ጊዜ ዋሽታለች» አሉ።

አበቃልኝ!

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ሰማያዊውን ወደ ብርሃን ወስዳ ደጋግማ ሳታይ ሰማያዊ አትልም። ሰው ታሰለቻለች። መዝግባት።»

ተመዘገብኩ።

እና ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ኬሚስትሪ ስማር «አቶ ደምሴ፣ ምነው፣ ዓይንዎን ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅን ያስተማረኝ አልነበረም። እንደው ንገሩኝ፤ እሱንም ለመጠየቅ መመዝገብ ነበረብኝ?