የአማቴ ቁርጥ እና የሱቄ ማህተም

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ ግማሻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ብቻ አንብባችሁ ጨርሱና አድርጉኝ!

አማቴ ኦቦ ለሜሳ ከጉደር ተነሥተው አምቦ እኛ ቤት መጡ። ቁርጥ ካልቀረበላቸው ምሳ የበሉ አይመስላቸውም። ችግሩ፣ አምና ሰፈር ውስጥ የታረደ ሥጋ በልተው ሆስፒታል ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የቄራ ማህተም የሌለው ሥጋ አይነኩም።

ባለቤቴ ጫልቱ ጠዋት «ተወደደ ብለህ ሌላ ቦታ እንዳትሄድ!» አለችኝ።

«ለጤና ዋጋ አይወጣለትም!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሉካንዳ ደርሼ ዋጋውን ስሰማ ደረቴ ተነፈሰ።

ከገበያው ጀርባ ግቢው ውስጥ አርዶ በርካሽ የሚሸጥ ሰው አለ። ከሱ ገዛሁ። ሥጋው ያምራል፣ ምን ይሆናል ብዬ! ግን ማህተም የለውም።

እኔ ደግሞ ምን አለኝ? የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ። ሱቁ ውስጥስ? ማህተም! ሐምራዊ ቀለም!

አዎ፣ ጮማው ላይ አሳረፍኩበት። አትፍረዱብኝ።

እሺ፣ ፍረዱ።

ጫልቱ ቀለሙን ከሩቅ አይታ «ዛሬስ ኮራሁብህ» አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ሥጋውን አቀረብኩ።

አማቴ ቢላዋ አነሱ። ያኔ ነው ግሉኮስ ተሰክቶላቸው የተኙበት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። የምሬን ነው፣ ፈራሁ። ለጥቂት ብር ብዬ እኚህን ሽማግሌ ልገድላቸው ነው!

«አባባ፣ ጥብስ ቢሆን አይሻልም?»

«ማህተም አለው አይደል እንዴ?» ብለው መነጽራቸውን አወጡ።

መነጽር! የሥጋ ማህተም በመነጽር የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ተ... ከ... ፍ... ሏል።»



ለካ ደረሰኝ ላይ የምመታውን ማህተም ነው ያነሣሁት።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄን በሬ የመረመረው ሐኪም ነው ካሸር?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። የጫልቱን አስተያየት አልነግራችሁም። አማቴ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አንዲት ቁራጭ እንኳ አልቀመሱም! ተመስገን! ውርደት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሥጋው ተጣለ። ሉካንዳ ተመልሼ ሳልከራከር ከፈልኩ። ጭማሪ ላለመክፈል ብዬ ሁለት ጊዜ ገዛሁ ማለት ነው።

አማቴ አዲሱን ማህተም ፊደል በፊደል አንብበው ቁርጣቸውን በሰላም በሉ። ሲሄዱ በር ላይ ግንባሬን በአውራ ጣታቸው እንደ ማህተም ጫን አድርገው «ልጄን ስሰጥህ ይሄንን መነጽር አድርጌ ቢሆን ኖሮ» አሉኝ።

ጫልቱ እስካሁን ትስቃለች። ማህተሙን ግን ወርሳዋለች። ነገ ደረሰኝ የምትፈልጉ ደንበኞቼ እሷን ጠይቁ!

እስቲ እናንተስ፣ ማህተሙን ታነባላችሁ ወይስ ቀለም ካያችሁ ይበቃችኋል?