ደብተር ይዞ ማዳመጥ

ሰው ዐረብኛ መስማት የሚያቅተው ለምን ይመስላችኋል? ጆሮው ስላልሠለጠነ? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ የዐረብኛ ትምህርት ተከፈተ። ከደጋ የመጣው መምህር ሃያ ሦስት ሰዎች ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ፣ «ጓዶች፣ ጆሮ ይቅደም፣ አፍ ይከተል!» አለን። ዘዴው ቀላል ነው። ሱዳኖች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ሄዳችሁ፣ ሳትናገሩ ተቀምጣችሁ፣ የሰማችሁትን ደብተር ላይ ትጽፋላችሁ። በወሩ መጨረሻ ፈተና።

እኔ የተመዘገብኩት ለፈተናው አይደለም። ግመሌ ጠፍታብኝ ነው። ድንበሩን አልፋ ወደ ሱዳኗ ገላባት ሳትሻገር አልቀረችም። ማሳ ላይ አሥራ አራት ሰሊጥ አጫጆች አሉኝ፤ ውኃ የምታመላልስላቸው እሷ ናት። የጎረቤት አህያ ተውሻለሁ፣ ግን ለአሥራ አራት ጉሮሮ የት ትደርሳለች? ውኃ ከሌለ ሠራተኛ ይሄዳል፤ ሠራተኛ ከሄደ ሰሊጡ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። የዓመት ልፋት! በግልጽ ብጠይቅ ደግሞ የማስመለሻ ገንዘብ ይቆልሉብኛል ብዬ፣ ብልጥ ሆኜ፣ ወሬዋን በጆሮዬ ልለቅም ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆነን ገባን። አሥራ አንድ ሱዳኖች ቆጠርኩ፤ ጨዋታቸው ደርቷል። ግድግዳውን ተደግፈን በመስመር ተቀመጥንና ስድስት እርሳስ አወጣን። ቤቱ ጸጥ አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ከሱዳኖቹ ሦስት ሰው ቀረ። እነሱም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። በኅዳር! እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ዝም ብሎ እያዳመጠ የሚጽፍ ሰው ምን ይባል ነበር?

ለመምህሩ ብነግረው፣ ትኩረት ስለሚያንስህ ነው፣ ቀረብ ብለህ ተቀመጥ አለኝ። ቀረብ አልኩ። ሦስቱም ተነሥተው ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን ከአጫጆቼ አራቱ ጓዛቸውን ሸከፉ። ደብተሬን ወርውሬ እየሮጥኩ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና፣ በማውቃት ዐረብኛ፣ «ናጋ ማፊ!» ብዬ ጮኽኩ። ግመሌ የለችም ማለቴ ነው። ቤቱ ሙሉ ሳቀብኝ። ዑስማን የሚባል ግመል ነጋዴ ዕንባውን እየጠረገ፣ ከእኔ በጠራ አማርኛ፣ «አያ ጣሰው፣ ግመልህ እኔ በረት ከታሰረች ሳምንት ሞላት! ልነግርህ ስመጣ ስትጽፍ አገኘሁህ። የእኔንም ስም ሊጽፍ ነው ብዬ ተመለስኩ» አለኝ።

የማስመለሻ እንኳ አልጠየቀኝም። ሰሊጡ ተረፈ።

ለፈተናው ባዶ እጄን ስለቀረብኩ ከሃያ ሦስት ሃያ ሦስተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው ጓድ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ተውሼ አነበብኩት። ሁሉም ስለ ዝናብ ነው።