ወንዝ ተከትሎ መጥፋት

በዚህ ዓለም መንገድ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ መንገድ የማያውቁም አሉ። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። ጉዳት ያለው ሦስተኛው ነው፤ አቋራጭ የሚያውቀው። እሱ በየሰፈሩ አለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በየቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አጎት ሆኖ ተመድቧል። ሙሽራ ያስረፍዳል፣ በሽተኛ ከሐኪም ቤት ያስቀራል። «በዚህ በኩል ይቀርባል» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ኮምፓስ ናቸው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን የባሰ አወጣ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አሳንሰር ጠጋኝ ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጡና ወደ ጎን መሄድ ጀመሩ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

በየቅዳሜው ጠዋት ክቡርነታቸው የተገኘውን ሰው ሰብስበው ወንዝ ዳር ያንሸራሽራሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለዚሁ መንገድ ያሳተመው በራሪ ወረቀት አለ። እኔ ሳላነብ ደጃፌን የማልሻገር ሰው ስለሆንኩ በቃሌ ይዤዋለሁ። «መንገዱ ሜዳ ነው። ለሕፃናትም ለአዛውንትም ይመቻል። ወንዙን በስተቀኝዎ ይዘው ይሂዱ። የተፈጥሮን ውበት እያደነቁ ጥንታዊው የውሃ ወፍጮ ፍርስራሽ ጋ ይደርሳሉ።» አለቀ። ወንዙ በቀኝ፣ እግር ወደ ፊት። ዶሮ ብትለቀቅ ትደርሳለች። ወረቀቱን ለክቡር ኮምፓስ ሳሳያቸው ግን እንደተበላሸ እንቁላል በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱልኝ።

«ይሄ ለእንግዳ ሰው ነው» አሉኝ። «እኛ በውስጥ በኩል እንገባለን።»

«ወንዙን ከለቀቅን አንጠፋም ጋሼ?»

«አንተ ደግሞ! አትስጋ፣ ወንዙ የት ይሄዳል!»

መፈክራቸው ይቺ ናት። ወንዙ የት ይሄዳል! ይሉና ለወንዙ ጀርባቸውን ይሰጡታል።

አንድ ቅዳሜ በውስጥ በኩል ስንገባ የገባነው እውነትም ውስጥ ነበር፤ የሰው ግቢ ውስጥ። አንዲት ሴትዮ ልብስ እያሰጣች ነው። በአንሶላዎቹ መሃል ተራ በተራ ብቅ ብቅ ስንል በአፏ የያዘችው መቆንጠጫ ወደቀ። ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አንስተው፣ «እንደምን አደሩ እመቤቴ፣ በዚህ ወደ ወንዙ ያስወጣል?» አሏት።

«በዚህ የሚያስወጣው ወደ ሽንት ቤት ነው» አለች።

አመስግነው በዚያው ሄዱ።

ሌላ ቅዳሜ ደግሞ በቀኛችን የነበረው ወንዝ በግራችን ተገኘ። ዞረን ይሆናል እንዳንል ፀሐይዋ እንደ ቅድሙ ፊታችን ላይ ናት። ድልድይ አልተሻገርንም፣ ካልሲያችን አልራሰም፣ ግን ማዶ ነን። የተነሳንበትን የአውቶቡስ ፌርማታ ከውሃው ወዲያ ቆሞ አየነው። ስለ ወንዞች የተጻፈ ያላነበብኩት ወረቀት የለም፤ ይህን ነገር የሚያስረዳኝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ክቡርነታቸውን ብጠይቃቸው፣ «አየህ አቋራጩን?» አሉኝ።

ከመሃላችን የጥርስ ሐኪሟ በስልኳ ካርታ ትከተላለች። ስልኩ በየመታጠፊያው በሴት ድምፅ «ወደ ኋላ ይመለሱ» ይላል። «እሷ ሰማይ ላይ ሆና ምን ታውቃለች?» ይላሉ ክቡርነታቸው። «መሬት ላይ ያለነው እኛ!» አንድ ቀን ስልኩ ራሱ ግራ ተጋብቶ ጭጭ አለ። ሐኪሟ ያንን ዝምታ ስታወራ አሁንም ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ታዲያ ለምን ትከተላቸዋለህ ትሉኝ ይሆናል። ለመሳቅ ነዋ! እንዲያ ስል ኖሬያለሁ።

ነገሩ ከሳቅ የወጣው በአክስቴ ነው። አክስቴ ቤቷን ለቃ ሌላ ከተማ ልጇ ጋ ልትገባ ሆነ፤ ጉልበቷ ከእንግዲህ ደረጃ አልወጣም ብሏታል። መጋረጃው ወርዶ፣ ዕቃው ታስሮ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ወፍጮው ጋ ውሰደኝ።»

ያ የወፍጮ ፍርስራሽ ውሃውን ቁልቁል የሚያይ ቅስት መስኮት አለው። ሟች ባሏ፣ ልብስ ሰፊው አጎቴ፣ በወጣትነታቸው እዚያ መስኮት ላይ አስቀምጧት ነው «ታገቢኛለሽ?» ያላት። እሷ አፏ በዳቦ ተሞልቶ ስለነበር በእጇ «ቆይ» አለችው። አኝካ እስክትውጥ ድረስ ሰውየው እንዴት እንደገረጣ ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

«ዳቦ እንይዛለን» አለችኝ። «እዚያ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ከዚያ በኋላ የትም ውሰዱኝ።»

ወሬው ክቡር ኮምፓስ ጋ ደረሰ። «እትዬን የምወስዳቸው እኔ ነኝ» ብለው አረፉት። ደሜ ፈላ። አርብ ማታ መንገድ ላይ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ በወረቀቱ እንሂድ! እሷ ለዙር የሚሆን ጉልበት የላትም። ሌላ ቅዳሜም የላትም።»

ኮፍያቸውን ደፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወንዙ የት ይሄዳል እንኳ አላሉኝም። ያመማቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ታጣፊ ወንበር በጀርባቸው አዝለው መጡ። ሌላ ጊዜ ወንዙን የሚለቁት ትንሽ ካስለመዱን በኋላ ነው፤ ያን ቀን ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ለቀቁት። በጎሚስታው ኋላ፣ ባረጁ ጎማዎች መሃል፣ ከዚያ በብሎኬት ማምረቻው አጥር ጥግ ወሰዱን። አክስቴ ስትደክም ወንበሩን ይዘረጋሉ፣ ታርፋለች፣ ያጥፉታል፣ ያዝሉታል። የብሎኬቱ ዘበኛ ብቅ አለ።

«ወንዝ ከሆነ የምትፈልጉት ከኋላችሁ ነው እኮ!»

«እናውቃለን» አሉ ክቡርነታቸው።

ይሄን ጊዜ ይባስ ግራ ገባኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ከዘበኛው ጋር ወንዙ የት እንዳለ ተከራክረው ይረቱት ነበር።

በመጨረሻ ከሸምበቆ ጀርባ ግማሹ የፈረሰ ግድግዳ ብቅ አለ፤ አንድ ቅስትም አለው። «ይኸውልዎት እትዬ!» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

አየሁት። ወረቀቱ ላይ ያለው ወፍጮ የድንጋይ ነው፤ ይሄ ጡብ ነው። ቅስቱ ውስጡ ጥላሸት ለብሷል፤ ወፍጮ ጥላሸት ከየት ያመጣል? የጡብ ማቃጠያ ምድጃ አፍ ነው እንጂ! ፊት ለፊቱ ውሃ የለም፤ የጎመን ማሳ ነው። አፌን ከፈትኩ። የጥርስ ሐኪሟ እግሬን ረገጠችኝ። አፍ በማስከፈት የምትኖር ሴት ማስዘጋቱንም ያን ቀን ቻለችበት።

አክስቴ ቅስቱን አየች። ጡቡን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ «ደግፉኝ» ብላ ተቀመጠችበት፤ ዳቦዋን አወጣች፤ ቆርሳ መጀመሪያ ለክቡርነታቸው ሰጠች።

«እንካ ብላ፣ ደክሞሃል» አለቻቸው። ጎመኑን እያየች ቀስ ብላ አኘከች። «ውሃው እንዴት ቀንሷል ጃል!»

«ዝናብ ጠፍቶ ነው እትዬ» አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ከዳቦው ሳያነሱ።

ዝናብ ጠፍቶ! ታዲያ ባለፈው ወር ጣሪያዬን ያፈረሰው ምንድን ነው?

አክስቴን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ በማግስቱ ወረቀቴንና ቁጣዬን ይዤ ወጣሁ። የእውነተኛውን ወፍጮ ፎቶ አንስቼ አፍንጫቸው ላይ ልለጥፈው ነው። ወንዙን በስተቀኝ ያዝኩ። እንደተባለው መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሸምበቆው ያፏጫል፣ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ውሃው ላይ ቀስት ሆና ታልፋለች፣ ሁሉም ነገር እንደ ተጻፈው ነው። ከዚያ መንገዱ አለቀ። ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ አየር ነው። ጎርፉ የወንዙን ዳር ንዶ ወፍጮውን ከነመስኮቱ ይዞት ወርዷል። ከቡናማው ውሃ ውስጥ የአንድ ወፍጮ ድንጋይ ጀርባ ብቻ ይታያል። ውሃውን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ። ወረቀቱ ላይ ወፍጮው ቆሟል፤ «ይደርሳሉ» ይላል። የታተመ ነገር እንዲህ ዓይኔን እያየ ሲዋሸኝ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

በቀጥታ ክቡርነታቸው ቤት ሄድኩ። ግድግዳቸው ላይ ከድሮ ሥራቸው ያመጡት የአሳንሰር ቁልፎች ሰሌዳ አለ። ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ሲጨንቃቸው ይጫኑታል።

«አክስቴን ምድጃ አፍ ላይ አስቀመጡልኝ!» አልኩ።

ሦስተኛ ፎቅን ተጫኑ። «ሄደህ አየኸው?»

«አየሁት። የለም።»

«እኔም ሐሙስ ለት ነው ያየሁት። መንገዱን ልፈትሽላቸው ብዬ።»

«በየት በኩል ሄደው አገኙት?»

አፈሩ። ምድር ቤትን ተጫኑ። «በወረቀቱ ነዋ» አሉ። «ወንዙን በቀኝ ይዤ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ባልዎም የሉ፣ ቤትዎም የለ፣ መስኮትዎም የለ ልበላቸው? እኔ መጥፋት አይከብደኝም፤ የለመድኩት ነው። ደግሞ አምነውኛል፣ አላየሃቸውም? ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት። አደራ፣ እንዳትነግራቸው።»

ማታውኑ አክስቴ ደወለች።

«አንተ አፈኛ፣ ኮምፓስን አልተሳደብክም አይደል?»

«ለምን እሳደባለሁ?»

«ሂድ ወዲያ! ጎመን ፊት ለፊት አስቀምጦኝ! የወፍጮውን መስኮት እኔ ላጣው? ምስኪን፣ እንደ ልማዱ ጠፍቶበት ነው። ወንበር ተሸክሞ እንዲያ ለፍቶ፣ ይሄ አይደለም ብዬ ብነግረው ቅስሙ አይሰበርም? ዳቦዬን በልቼ ዝም አልኩ። አንተም ዝም በል።»

እሺ አልኳት።

አሁን ሁኔታዬን ተመልከቱልኝ። እሳቸው አምናለች ብለው ለእሷ ይሳሳሉ፤ እሷ ጠፍቶበታል ብላ ለእሳቸው ትሳሳለች። እኔ፣ ያየሁትን ሳልናገር አንድ ሌሊት አድሬ የማላውቅ ሰው፣ ሁለቱንም ውጬ ተቀምጫለሁ። በዚህ ላይ አክስቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ጨመረችልኝ፤ «ጉልበቴ ሻል ሲለው እመጣለሁ። ያኔ ዋናው ወፍጮ ጋ አንተ ትወስደኛለህ፣ በወረቀትህ። አንተ መቼም አትጠፋም።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ በወረቀቱ ከወሰድኳት የምታየው ገመዱን ነው፣ እንዳታየው ደግሞ መጥፋት አለብኝ። አልጠፋም። መጥፋት አልችልም! ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ወጥቼ ሞከርኩ። ጎሚስታው ጋ ታጠፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንዴ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሳላውቀው ወንዙ በቀኜ ገብቶ ገመዱ ፊት አቆመኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ በማለዳ ክቡር ኮምፓስ በር ላይ ተገኘሁ።

«ጋሼ፣ ያንን በጎሚስታው በኩል ያለውን ያስተምሩኝ።»

«አቋራጩን?»

«አቋራጩን።»

እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ወንበሩን አዘሉ፣ ኮፍያቸውን ደፉ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ ውሃውን አየሁት፤ እሳቸውም አዩት።

«አትስጋ» አሉኝ። «ወንዙ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

«የት ይሄዳል!» ብዬ ጨረስኩላቸው።

ወረቀቴን ኪሴ ከተትኩና ተከተልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ማዶ ነበርን። ድልድይ አልተሻገርንም።