ክቡር አቶ መመሪያ እና የሞተራቸው ጂፒኤስ

በየሰፈሩ አንድ መመሪያ አንባቢ አለ። እኔና እናንተ አዲስ ዕቃ ስንገዛ ካርቶኑን ቀደን፣ ሶኬቱን ሰክተን፣ ጭስ ካልወጣ «ይሠራል» ብለን እንቀመጣለን። እሳቸው ግን ወንበር ይስባሉ፤ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፤ ከዚያ ከዕቃው ጋር የመጣችውን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ያነባሉ። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈውን ክፍል እንኳ ሥዕሉን እያዩ ነው የሚጨርሱት።

የሰፈራችን የልብስ ሰፊዋ ባል ከዚህ ወገን ናቸው። ሚስታቸው «ክቡር አቶ መመሪያ» አለቻቸው፤ ሰፈሩም ስሙን ወዶ ተቀበለ። አዲስ ካውያ የገዛች ዕለት መመሪያውን አንብበው እስኪጨርሱ ደንበኛዋ የተጨማደደ ሱሪውን ለብሶ ሄዷል። ጃንጥላ ገዝተው «መመሪያ የለውም» ብለው ወደ ሱቅ የመለሱ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ለሞተራቸው ጂፒኤስ ይዘው የመጡ ቀን ሰፊዋ ጨነቃት። መሣሪያው ከመዳፍ አይበልጥም፤ እጀታው ላይ ታስሮ መንገድ ይመራል። መመሪያው ግን መቶ ሰማንያ አራት ገጽ ነው።

የጨነቃት በከንቱ አልነበረም። ወገቧን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ከባሏ ኋላ ሞተር ላይ አልተቀመጠችም። ሐኪሙ በቅርቡ «መውጣት ትችያለሽ፤ መንገጫገጭ ግን አይሆንም» ብሏታል። አንድ ቀን ታክሲ ሞከረች፤ ሾፌሩ ጉብታ ዘለለባትና ሦስት ቀን ተኛች። በከተማው ሌላ ጫፍ ያለችው ታላቅ እህቷ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው። በሞተር የሃያ ደቂቃ መንገድ ናት።

«ታደርሰኛለህ?» አለች።

«እንዴታ! የጂፒኤሱ ማስተካከያ፣ ሴቲንጉ፣ እንዳለቀ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ከዚህ ሌላ መልስ ጠፋ። «ምሳ ቀርቧል።» «ቆይ፣ ሴቲንጉ አላለቀም!» «ቧንቧው ይፈሳል።» «ሴቲንጉ አላለቀም!»

የመጀመሪያውን ሳምንት «የሚወገዱ መንገዶች» የሚለው ገጽ ላይ ሰፈሩበት። አውራ ጎዳና ይወገድ? ይወገድ። አስፋልት ያልለበሰ መንገድ? ይወገድ። ወደ ኋላ መዞር? ነውር ነው፤ ይወገድ። ጀልባ? በአካባቢው ጀልባ የሚንሳፈፍበት ኩሬ እንኳ የለም፤ እሳቸው ግን «አይታወቅም» ብለው ምልክት አደረጉበት። ከዚያ መሣሪያውን በክብር ለኮሱና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት እንዲመራቸው ጠየቁት። አሰበ፣ አሰበና «ወደዚህ ቦታ የሚያደርስ መንገድ አልተገኘም» አለ። ዳቦ ሻጩ በመስኮት በኩል እጁን እያውለበለበላቸው ነበር።

«በእግር ይኬዳል በለው!» አለች ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

ሁለተኛው ሳምንት የድምፅ ምርጫ ሆነ። ዘጠኝ ድምፅ ሰሙ፤ በመጨረሻ አንዲት እርጋታ ያላትን ሴት መረጡ። «ለእኔ ያልሰጠኸውን ጆሮ ለእሷ!» አለች ሚስት። እሳቸው ግን ከባድ ጥያቄ ላይ ናቸው።

«መንገድ ስስት ራሱ ይቀይርልኝ፣ አስፈቅዶኝ ይቀይር፣ ወይስ ዝም ይበል?»

«እኔ ስትስት ምንድን ነው የማደርገው?»

«ትጮሂያለሽ።»

«እሱን ምረጥ!»

«እንደዚያ የሚል የለውም» አሉ ገጹን አገላብጠው፣ በእውነተኛ ኀዘን።

በሦስተኛው ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት «ለሙከራ» እያሉ መጥፋት ጀመሩ። በቤቱ ውስጥም ነገሩ ተበላሸ። የልብስ ቁልፍ ጣሳዋ በየቀኑ እየጎደለ ሄደ፤ አንዲት ደንበኛ ለካፖርቷ ራሷ መርጣ ያመጣቻቸው አምስት ትልልቅ አረንጓዴ ቁልፎች እንኳ አራት ሆነው ተገኙ። ልብስ የምትለካባት ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት ደግሞ ትከሻዋ አቧራ ለብሶ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች፤ ፊት ቢኖራት ማለት ነው። ሰፊዋ አይጥ ጠረጠረች።

ሐሙስ ዕለት የጥጉ ባለሱቅ ክር ልግዛ በሚል ሰበብ ወሬ ልትጠጣ ገባች።

«እሰይ የኔ እህት፣ እንኳን ተሻለሽ! ትናንት በሞተር ሳይሽ እኮ ዕልል ልል ነበር። ደግሞ አቀማመጥሽ! እንደ እንጨት ቀጥ ብለሽ! ግን ምን በደልኩሽ? ሰላም ብልሽ ዘጋሽኝ።»

«እኔን?»

«አንቺን እንጂ! ያ ግራጫ ካፖርትሽ፣ ሄልሜቱ... ባልሽም እንዴት እንደሚሳሱልሽ! ኤሊ ሁለቴ ቀደማቸው።»

ሰፊዋ ሦስት ሳምንት ከበር አልወጣችም። ባለሱቋ እንደሄደች መስቀያው ላይ ያለውን ግራጫ ካፖርት አነሳች። የመንገድ አቧራ ለብሷል።

አርብ ጠዋት እህቷ ደወለች፤ «ነገ እንዳትቀሪብኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል።» ምሳ ላይ ሰፊዋ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማን ናት?»

«ማን?»

«ካፖርቴን ለብሳ ሞተሬ ላይ የምትወጣው!»

ክቡር አቶ መመሪያ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ተነሥተው ወደ ስፌት ክፍሉ ገቡ፤ አሻንጉሊቷን ወገቧን ይዘው ተመለሱ። ከሚስታቸው ፊት አቆሟት።

«ይቺ ናት» አሉ።

ሰፊዋ አንዴ አሻንጉሊቷን፣ አንዴ ባሏን አየች።

«ሄልሜቱን አንገቷ ላይ ደፋሁላት፤ ያንቺ ወገብ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ኩባያ በቀበቶ አሰርኩላት። መጀመሪያ ውሃ ሞላሁ፤ ካፖርትሽ ራሰ። ከዚያ ከጣሳሽ ቁልፍ እየወሰድኩ አደረግሁ። ቁልፍ የዘለለበት ቦታ ሁሉ ቆሜ ጂፒኤሱ ላይ ‹ይወገድ› ብዬ ምልክት አደረግሁበት። ይቻላል፣ ገጽ ዘጠና አንድ ላይ አለ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያለ ካፖርት ደግሞ... ሰው ራቁቷን ሴት ጭኖ ሄደ ይላል።»

ስክሪኑን አሳዩዋት። ከቤታቸው እስከ እህቷ ቤት ያለው ከተማ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ቀይ በቀይ ሆኗል። መቶ አርባ ሦስት ነጥብ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር የት እንደገባ ጠፋት።

«ካፖርት የሚዋስ ሰው ያስፈቅዳል» አለች በመጨረሻ፤ ከዚያም ወጡ እንዳይቀዘቅዝባቸው ሳህናቸውን ገፋ አደረገችላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት «ሴቲንጉ አለቀ» አሉ። ሰፊዋ ከኋላ ወጣች። ቢያማትስ? ይህን ሁለቱም አሰቡት። ያቺ እርጋታ ያላት የጂፒኤሱ ሴት «ወደ ግራ ታጠፍ» አለች፤ ጉዞ ተጀመረ።

የሃያ ደቂቃው መንገድ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በእንጨት መሸጫው ጓሮ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ሰው በማያውቃቸው ቅያሶች ተሽሎከለኩ። በጥጉ ሱቅ ፊት ሁለት ጊዜ አለፉ፤ ሁለቴም ሰፊዋ እጇን አውለበለበች፤ ባለሱቋም «ዛሬስ ኩራቱ ለቋታል!» ብላ ጮኸች። መንገዱ ግን ለስላሳ ነበር። አንድም ጉድጓድ፣ አንድም ጉብታ አልነበረበትም።

ወደ እህቷ ሰፈር የሚያስገባው ሰፊ መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱ የጂፒኤሱ ሴትዮ እንደገና «ወደ ግራ» አለች። ሰፊዋ ቀና ብላ ቀጥታውን መንገድ አየች። አሥር እርምጃ ፊት ለፊት ጉብታ አለ። ከጉብታው ሥር፣ አስፋልቱ ላይ፣ አንዲት ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ታበራለች። ልታስቆማቸው አፏን ከፈተች፤ ተወችውና ባሏን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

መኪናው ሊነሳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። እህቷ ከተጫነው ፍራሽ ሥር ሮጣ መጣች።

«ወገብሽስ?»

«መምጣታችንን አልሰማም» አለች ሰፊዋ፤ እህቷ አንገት ላይም ተጠመጠመች።

ሰኞ ዕለት ባለካፖርቷ ደንበኛ መጥታ ፊቷን አጠቆረች። «አንዷ ቁልፌስ? እስካሁን አልተገኘችም?»

ሰፊዋ ቀና አለች። ክቡር አቶ መመሪያ ጥጉ ላይ የአዲስ ቴርሞስ መመሪያ ገጽ ሦስት ላይ ናቸው።

«የት እንዳለች አውቃለሁ» አለች፤ «ግን በዚያ መንገድ አንሄድም።»