የመጨረሻዋ መርፌ ግብዣ

እኛ ስማዳዎች በር ላይ ብዙ ዕድሜ እናጠፋለን። አትሳቁ፤ እናንተም የእስቴና የጋይንት ሰዎች ያው ናችሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ደጃፍ ላይ ከተገናኙ አንዱ “ይግቡ” ይላል፤ ሌላው “ኧረ እርስዎ ይግቡ” ይላል፤ ይሄኛው “በሞቴ” ይላል፤ ቤት ውስጥ የቀረበው ወጥ ይቀዘቅዛል። ሰው “በሞቴ” ካለ መሸነፍ ግድ ነው። ችግሩ ሁለቱም እኩል “በሞቴ” ያሉ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ሁለቱንም ገፍትሮ ካላስገባቸው በቀር ከዚያ የሚያነሣቸው የለም።

ይህ ጠባይ ባሕር ማዶ እንደሌለ ያወቅሁት በኮሮና ጊዜ ነው። ክትባት ተገኘ ሲባል ባለጠጎቹ አገሮች ማንንም “ይለፉ” ሳይሉ ገቡ። ገብተውም በሩን ዘጉት። እኛ የመጀመሪያው መቼ ይደርሰን ይሆን ስንል እነሱ ማጠናከሪያ፣ ቀጥሎም የማጠናከሪያውን ማጠናከሪያ እንደሚወጉ በሬዲዮ ሰማን። አጎቴ አያ ስማቸው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይህን ከሰሙ በኋላ ለኛ ይተርፍ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይተርፋል አልኋቸው። ምን ልበል?

አያ ስማቸው አስም ነበረባቸው። ብርድ በገባ ቁጥር ደረታቸው ያፏጫል፤ ትንሽ እንዳረሱ በሬዎቹን አቁመው እርፉን ይደገፋሉ። ወገዳ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ የክትባቱን ወሬ ጠይቆ እንዲመጣላቸው ይለምኑ ነበር። አንድ ቀን አውድማ ላይ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ተቀምጠን ሳለ “መሞት እንኳ አልፈራም፤ ታንቄ መሞት ነው የምፈራው” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ወሬ ጠያቂ ሆንሁ።

በመጨረሻ መጣ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በእስቴ በኩል፣ መኪናንም ሰውንም በሚያደቅቀው መንገዳችን እየተንገጫገጨ መጣ። ለኛ ቀበሌ የደረሰችው ግን አንዲት ብልቃጥ ናት። ነርሷ አለምነሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ወይራው ሥር ሆና አስረዳችን። ብልቃጧ ለጥቂት ሰው ብቻ ትበቃለች፤ አንዴ ከተከፈተች ሰዓቷ ሳያልፍ ማለቅ አለባት፤ ስለዚህ ሕመምተኛና ሽማግሌ ይቅደም። ይህን ብላ ከሁሉ በፊት አያ ስማቸውን ጠራች።

ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አሁን ክንዳቸውን ይገልጣሉ ስል ዞር ብለው አንዲት ባልቴት እንዲቀድሟቸው ለመኑ። ባልቴቷም ከብዙ እንቢታ በኋላ ተወጉ። ቀጥሎ ዓይነ ስውሩን ጎረቤታቸውን አስቀደሙ፤ ቀጥሎ የመንደሩን አስታራቂ ሽማግሌ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ብልቃጧ ውስጥ የአንድ ሰው ድርሻ ቀረ። ወይራው ሥር ደግሞ ያልተወጉ ሁለት አረጋውያን ቀሩ፤ አያ ስማቸውና የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞላ።

“አባ፣ እርስዎ ይወጉ” አሉ አያ ስማቸው።

“የታመምኸው አንተ ነህ” አሉ ቄሱ። “በሞቴ፣ ክንድህን ስጣት።”

“የነፍስ አባቴን ቀድሜ ምን ልባል ነው? በሞቴ፣ እርስዎ።”

በቃ። ነርሷ ለመነች። ባለቤታቸው እትዬ አበራሽ ከኋላ ሆነው የአያ ስማቸውን ጋቢ ጎተቱ፤ እሳቸው ግን ጋቢውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። ሽማግሌዎች ሊዳኙ ተሰበሰቡ። አንዱ ዕጣ ይጣል አለ፤ ሌላው ቄስ እንዴት ዕጣ ውስጥ ይገባል ብሎ ተቆጣ። ለሌላ ሰው ይሰጥ ያለም ነበር፤ ሁለቱ ቆመው እያሉ ክንዱን የሚዘረጋ ስግብግብ ግን ጠፋ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዳር ቆሜ እኮራ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ የት ይገኛል እያልሁ። ነርሷ ሰዓቷን አየች፤ ቆይታ አሁንም አየች። ከዚያ ብልቃጧን ከነተረፈው የቆሻሻ ሣጥኗ ውስጥ ጣለቻት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ በሽታውም አብሮ ገባ። አያ ስማቸውን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ወገዳ ስንገሠግሥ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ዳር ላይ አስቀመጥናቸውና ውኃው እስኪጎድል ጠበቅን። ያ ሁሉ የደጋ አየር ሲነፍስ እሳቸው ደረት የሚገባ ግን አልነበረም። ያ የፈሩት ሞት ዓይኔ እያየ ወሰዳቸው።

በማን እንደምናደድ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። በይሉኝታችን ልናደድ እልና እተወዋለሁ፤ ሰው ደግ በመሆኑ መታነቅ አልነበረበትማ። ሁለት መርፌ ቢኖር ኖሮ የዚያን ቀኑ ነገር ስቀንበት የምንረሳው ጨዋታ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ጠብታ የተገባበዙት ባለጠጎቹ ማንንም ሳይጋብዙ ስላነሡ ነው። ይህን ለማን አቤት ይሏል?

ሙት ዓመታቸው ሳይደርስ ክትባቱ በካርቶን በካርቶን መጣ። ባለጠጎቹ ከበቃቸው በኋላ የተረፈ ነው አሉ፤ ጊዜው ሊያልፍ ስለተቃረበም ቶሎ ተወጉ ተባልን። ተሰበሰብን። ነርሷ ማን ይጀምር ብላ ጠየቀች። እንደ ልማዳችን እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። ቄስ ሞላ ከፊት ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

እትዬ አበራሽ ከኋላ ተነሡ። ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ በሽማግሌዎቹ መካከል ሰንጥቀው አለፉ። ቄሱ ጋ ሲደርሱ ብቻ ቆም አሉ።

“አባ፣ ዛሬ አልጋብዝዎትም።”

“ደግ አደረግሽ ልጄ” አሉ ቄስ ሞላ። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ከእትዬ አበራሽ ቀጥሎ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ስራመድ ከጎኔ አንድ ሽበታም ሰው መቆማቸውን አየሁ። ይለፉ አልኋቸው። ኧረ አንተ እለፍ አሉኝ። ግድ የለም፣ እርስዎ ይለፉ አልሁ።

እትዬ አበራሽ የተወጉበትን ክንድ በጥጥ እንደያዙ ዞር ብለው አዩን።