ነገ የሚመጣው ሰውዬ

ልብስ ሰፊ ከሆንክ ከአፍህ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ነገ»። ሱሪው? ነገ። የሚዜዋ ቀሚስ? ነገ፣ ኢንሻአላህ። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ እኔን ያልረገመች ሙሽራ ያለች ይመስላችኋል?

ችግሩ፣ ለሚስቴም የምሰጣት ያንኑ ቃል ነበር። ሰሚራ ዞሮ ማየት ትወድ ነበር። ጅሬን ወጥተን ቤተ መንግሥቱን እንይ፣ ደዶ እንሂድ ስትለኝ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳልል «ነገ» እላለሁ። እሷ ልጃችንን ሀዊን ይዛ ትሄዳለች። ሰሚራ ከሞተች ስምንት ወር ሆነ።

ባለፈው እሁድ ሱቄን ዘግቼ የአራት ዓመቷን ልጄን አገር ላሳያት ወጣሁ። ላሳያት! ጅሬን ስንደርስ በረኛው «ሀዊዬ! የት ጠፋሽ?» ብሎ አቀፋት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ ለጅማ እንግዳ መሆኔን ጠየቀኝ። እዚሁ ጅማ ተወልጄ ያደግኩትን ሰውዬ! ያስጎበኘችኝ ልጄ ናት። እማዬ እዚህ ሰገነት ላይ ትቆም ነበር ትለኛለች። እማዬ እዚህ ደረጃ ላይ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ምን አደረግኩ? ቀናሁ። በበረኛው ቀናሁ፣ በደረጃው ቀናሁ። ሰው በገዛ ልጁ ይቀናል? ይቀናል።

ደዶ ስንደርስ ባሰብኝ። ሀዊ እየጎተተች በርጩማ የሚጠርቡ ሽማግሌ ደጅ ወሰደችኝ። ኦቦ ጀማል ይባላሉ። «ሀዊ፣ ኮቱ! ነይ!» አሏት። የሰሚራን መሞት ሰምተው ኖሮ አላህ ይዘንላት አሉኝ። ከዚያ ሰሚራ እሳቸው ጋ ተቀምጣ ስታወራ፣ ስትስቅ ትውል እንደነበር ይነግሩኝ ጀመር። ውስጤ ነደደ። እኔ ጋ እንደዚያ የሳቀችው መቼ ነበር?

ትክ ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ ነገ የሚመጣው ሰውዬ አንተ ነህ?»

ነኝ አልኳቸው። ምን ልበል?

ከጓዳ ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ አወጡ። «ለአንተ ያሠራችው ነው። ባለቤቱ ሳይቀመጥበት ሥራዬን አልጨርስም። አንቺ ውሰጂለት ብላት፣ የለም፣ ነገ ራሱ ይመጣል አለችኝ።»

ተቀመጥኩ። ሀዊም ከጎኔ ተሸጎጠች። ለካ እኔም እዚህ ቦታ ነበረኝ።

ተሸክሜው ልሄድ ስል ኦቦ ጀማል እጄን ያዙ። ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እግሩ ትንሽ መላግ አለበት አሉ።

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«ነገ።»

ሰኞ ጠዋት ሱቄ ደጅ የቆማችሁ ደንበኞቼ፣ ይቅርታ። ደዶ ነበርኩ።